ግሉተን፣ ወተትና አኩሪ አተር ለማይስማሙት ሰው፦ በጅማ ገበያ እንዴት ጠግቦ ይበላል?

በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን ስላልተስማማችሁ ስንዴ ካቆማችሁ ወራት አልፈዋል። ዳቦ የለም፣ ፓስታ የለም፣ በሶ የለም። ሆድ ግን አሁንም ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ማኪያቶ በተጠጣ ማግስት ሽንት ቤት ያመላልሳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። አንዱ «ችግሬ ግሉተን አይደለም ማለት ነው» ብሎ ወደ ዳቦው ይመለሳል። ሌላው ደግሞ የጠረጠረውን ሁሉ በአንድ ቀን ከማዕዱ አንስቶ በሩዝና በድንች ብቻ እየከሳ ይሄዳል። ሁለቱም መንገድ ይጎዳል።

ይህን የምጽፈው ሴሊያክ (ግሉተን ሲበላ ትንሹ አንጀት የሚጎዳበት በሽታ) ካለባት እህቴ ጋር ጅማ ውስጥ አንድ ወጥ ቤት ስለምንጋራ ነው። ከግሉተን በተጨማሪ ወተትም አኩሪ አተርም አልስማማ ብሏት ነበር። አብረን የተማርነው ትልቁ ነገር ቅደም ተከተል ነው። ግሉተን ቀድሞ፣ ያውም ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ወተት ለብቻው ይፈተናል። አኩሪ አተር ደግሞ ለብቻው። ሳህኑን የሚሞላው ምግብ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ የታሸገ ነገር አይደለም፤ አብዛኛው ሂርማታ ገበያ ላይ ተዘርግቶ ይገኛል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ዳቦ ገና ካላቆማችሁ ከምርመራው በፊት አታቁሙ። የሴሊያክ የደም ምርመራ የሚያየው ሰውነት ለግሉተን የሚሰጠውን ምላሽ ነው። ግሉተን ከቀረ ምላሹ እየቀነሰ ይሄድና በሽታው እያለ ውጤቱ «የለም» ሊል ይችላል። የተለመደው ምክር ምርመራው ቢያንስ ለ6 ሳምንት በየቀኑ ግሉተን ያለው ምግብ እየተበላ እንዲደረግ ነው። ደሙ ላይ ጥርጣሬ ከታየ ቀጣዩ በአፍ በሚገባ ካሜራ ከትንሹ አንጀት ናሙና መውሰድ ነው። ለዚህ የጨጓራና አንጀት ምርመራ ወደሚሠራበት ሆስፒታል ሪፈር ያስፈልጋል። ጅማና አካባቢዋ ላለ ሰው ትልቁ የሪፈራል ሆስፒታል የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው።

ሰገራም ይታይላችሁ። እዚህ አገር ሆድ በነፋ ቁጥር «ጃርዲያ ነው» ይባላል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ጃርዲያ የትንሹን አንጀት ሽፋን ስለሚጎዳ ወተት እንዳይፈጭ ያደርጋል። መድኃኒቱ ተወስዶ ካለቀ በኋላ እንኳ ወተት ለሳምንታት ላይስማማ ይችላል። እሱ ሳይታከም ምግብ ብትቀንሱ ድካሙ በከንቱ ነው።

አንድ ነገር በጣም አደራ። ወተት ወይም አኩሪ አተር ቀምሳችሁ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ሰውነት በአንዴ ካሳከከና ሽፍ ካለ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ይሄ አለመስማማት ሳይሆን አለርጂ ነው። በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ከዚህ በታች ያለው «ትንሽ ትንሽ እየቀመሱ መፈተን» ለእንዲህ ዓይነት ሰው አይሆንም። ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶችም ያለ ሐኪም ምግብ መቀነስ አይገባም።

አንደኛ፦ ግሉተንን ሙሉ በሙሉ ማውጣት

ግሉተን ለምን ይቀድማል? የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ግድግዳ እንደ ፎጣ ጸጉር በቆሙ ጥቃቅን ነገሮች የተሸፈነ ነው። የወተትን ስኳር፣ ማለትም ላክቶስን፣ የሚፈጨው ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም የሚገኘው እነዚህ ነገሮች ጫፍ ላይ ነው። ሴሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ እነዚህ ይረግፋሉ፣ ላክቴዙም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የወተቱ ችግር የግሉተኑ ልጅ ነው። አንጀቱ ሲድን ወተቱ ሊመለስ ይችላል፤ ይህ ግን ከወራት እስከ ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ግሉተን በስርቆሽ እየገባ ከሆነ ደግሞ መቼም አይመለስም።

የሚወጡትን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ፦ ስንዴና ገብስ በማንኛውም መልክ። ፉርኖ ዱቄት፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ የስንዴ ቅንጬ፣ በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ ጠላ፣ ቢራ፣ ሳምቡሳ፣ የፉርኖ ጨጨብሳ። ጠጅ ማርና ጌሾ ብቻ ከሆነ ችግር የለበትም። ብዙዎችን የሚያሳስተው አጃ ነው። በዚህ ስም ገበያ ላይ የሚሸጠው አንዳንዴ ራሱ የስንዴ ዘር ነው። ያ ባይሆን እንኳ ከገብስ ጋር በቅሎ፣ ከገብስ ጋር ተወቅቶ የመጣ ነው። «ለጨጓራ ጥሩ ነው» ቢሏችሁም ተዉት።

አሁን ወደ እንጀራው። ጤፍ ግሉተን የለበትም። በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሩዝና ዳጉሳም የለባቸውም። እኛ ጋ ጤፍን በበቆሎ ወይም በማሽላ መቀላቀል የተለመደ ነው፤ ይሄ አይጎዳችሁም። የሚጎዳው ጤፍ ሲወደድ ፉርኖ ወይም ገብስ የገባበት ነው። እንጀራ ስትገዙ «የጤፍ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «እትዬ፣ ሊጡ ውስጥ ፉርኖ ትጨምሪበታለሽ? ሐኪም ከልክሎኝ ነው» በሉ። እንዲህ ሲጠየቅ ሰው እውነቱን ይናገራል። ከገጠር የመጡ ነጋዴዎችን ደግሞ በኦሮምኛ «ቀመዲን ኬሰ ጅራ?» (ስንዴ አለበት?) ማለት ይቀላል። ገብስ ገርቡ ነው፣ ወተት አነን።

ቢቻል ግን እቤት ጋግሩ። ሥራውም ከገበያ ይጀምራል።

ጤፉን ስትገዙ እፍኝ ዘግናችሁ በነጭ ሰሃን ላይ በትኑት። ስንዴና ገብስ ከተቀላቀለበት ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። ጤፍ ደቃቅ በመሆኑ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ በወንፊት ሲነፋ ጤፉ ወደ ታች ያልፋል፣ ስንዴውና ገብሱ ከላይ ይቀራል። ደጋግማችሁ ንፉት። በቆሎና ማሽላን ግን በእጅ ከመልቀም ሌላ መፍትሔ የለም።

ቀጥሎ ወፍጮ ቤት። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ከእናንተ በፊት ስንዴ የተፈጨ ከሆነ በወፍጮው ሆድና በመውረጃው ጨርቅ ላይ የቀረው ነጭ ዱቄት ወደ እናንተ ጆንያ ይወርዳል። መውረጃውን አንዴ መታ አድርጋችሁ ብታዩት ምን ያህል እንደሚረግፍ ትገረማላችሁ። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ «ከግሉተን ነፃ» የሚባለው በ1 ኪሎ ምግብ ውስጥ ከ20 ሚሊግራም ያልበለጠ ግሉተን ሲኖር ነው። ያንን ያህል ግሉተን ከአንዲት ቁንጥር ፉርኖ ባነሰ ዱቄት ውስጥ አለ።

ስለዚህ የጤፍ ወፍጮውና የስንዴ ወፍጮው የተለያየበትን ቤት ፈልጉ። ከተገኘም ወረፋችሁን በቆሎ ወይም ጤፍ ካስፈጨ ሰው በኋላ ያዙ። መጀመሪያ የሚወርደውን አንድ ሁለት ኪሎ ለብቻ በፌስታል ተቀበሉት፤ እሱ ስንዴ ለሚበሉት የቤት ሰዎች ይሁን። የእናንተ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ፈጪውን በስም ተዋወቁት፣ ምክንያቱንም በግልጽ ንገሩት። የእኛ ፈጪ ምክንያቱን ከሰማ ጀምሮ እህቴን ገና ከሩቅ ሲያያት «ቆይ፣ መጀመሪያ በቆሎው ይለፍ» ይላል። ሽሮና በርበሬ ስታስፈጩም ጥንቃቄው ያው ነው።

እርሾ ከጎረቤት አትቀበሉ፤ የእነሱ ሊጥ ፉርኖ ሊኖርበት ይችላል። ንጹሕ የጤፍ ዱቄት በውሃ በጥብጣችሁ ሦስት አራት ቀን ብታቆዩት የራሳችሁን እርሾ ይሰጣችኋል። ቡሃቃ፣ ወንፊት፣ ሰፌድና የእንጨት ማማሰያ የየራሳቸው ይሁኑ፤ ዱቄት በእንጨትና በስፌት ውስጥ ተወሽቆ ይቀራልና። ምጣድ ሁለት መግዛት ካልተቻለ የእናንተ እንጀራ ይቅደም፣ ዳቦው ወይም ቂጣው በኋላ ይጋገር። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ምጣዱ በደንብ ታጥቦ፣ በጨው ታሽቶና ታስሶ ይጀመር።

ጅማ ዝናቧ ብዙ ነው። ዱቄት እርጥበት ይስባል፣ በቆሎና ኦቾሎኒ ይሻግታሉ። ጥቂት ጥቂት አስፈጩ፣ በሚገጠም ዕቃ አስቀምጡ። የሻገተ በቆሎ አጥቦ መብላት የለም፤ መርዙ በመታጠብም በመቀቀልም አይለቅም።

ሁለተኛ፦ ወተትን ለብቻው መፈተን

ግሉተኑ በትክክል ከወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ሆድ ካስቸገረ ወደ ወተት እለፉ። ሁለትና ሦስት ሳምንት ወተት፣ እርጎ፣ አይብ፣ አሬራና ቅቤ ሙሉ በሙሉ ይቁሙ። ደብተር ያዙ። የበላችሁትን፣ ሰዓቱን፣ ሆዳችሁ ያሳየውን ጻፉ። በማስታወስ ብቻ አይሆንም፤ ሰው የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ቁርሱን ብቻ ነው።

ለውጥ ከመጣ በተራ መልሱ። መጀመሪያ ንጥር ቅቤ፣ በአንድ ወጥ ውስጥ፣ ለሦስት ቀን። በደንብ የተነጠረ ቅቤ ላክቶሱ ከቁጥር የማይገባ ነው። ከዚያ አይብ ወይም የረጋ እርጎ፤ ባክቴሪያው ከላክቶሱ የተወሰነውን ስለሚበላው ከወተት ይሻላል። በመጨረሻ ወተት፣ ሩብ ብርጭቆ፣ ከምግብ ጋር። አንድ ሙሉ ብርጭቆ ወተት 12 ግራም ገደማ ላክቶስ አለው። ላክቶስ የማይስማማቸው ብዙ ሰዎች ትንሽ መጠን ከምግብ ጋር ሲሆን ይችሉታል።

ይህ ተራ የሚነግራችሁ ነገር አለ። ቅቤው ተስማምቶ ወተቱ ካስቸገረ ችግሩ ስኳሩ ነው። የተነጠረ ቅቤ እንኳ ካስነሳባችሁ ግን የወተቱ ፕሮቲን ሊሆን ይችላል፤ እሱን ለሐኪም ንገሩ። «የፍየል ሞክሪ፣ የግመል ሞክር» የሚል አይጠፋም። ሁለቱም ላክቶስ አላቸው። የፍየል ወተት ፕሮቲን ደግሞ ከላም ጋር በጣም ስለሚቀራረብ ለወተት አለርጂ መፍትሔ አይሆንም።

ወተት የማይስማማው ሰው ብርቅ አይደለም። በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ላክቶስን በደንብ አይፈጩም። ስለዚህ በዚህ ማፈር የለም።

ሦስተኛ፦ አኩሪ አተር የሚደበቅበት ቦታ

ወተት ለማይጠጣ ሰው አገራችን አንድ ትልቅ በረከት አላት፤ ጾም። ምግብ ቤት ገብታችሁ «የጾም አለ?» ካላችሁ ቅቤም ወተትም አይነካችሁም። ግን እዚያው ላይ ወጥመድ አለ። የጾም ማኪያቶ ብዙ ጊዜ በአኩሪ አተር ወተት ነው የሚሠራው። የጾም ክትፎና «የአኩሪ አተር ሥጋ» የሚባለው ስሙ ራሱ ይናገራል። የጾም ኬክማ ስንዴም አለበት።

በእኛ አካባቢ አኩሪ አተር ይመረታል። ለፕሮቲኑ ተብሎ በሽሮ፣ በገንፎ ዱቄትና በእንጀራ ዱቄት ውስጥ መጨመር ሲመከር ኖሯል። ለሚስማማው ሰው መልካም ምክር ነው፤ ምግቡን ያጠነክራል። ለእናንተ ግን ሽሮ ስትገዙ «አኩሪ አተር ገብቶበታል?» ማለት የግድ ነው። በዕርዳታ የሚታደሉና ለሕፃናት የሚሸጡ አልሚ ዱቄቶች ላይ ደግሞ ስንዴ፣ አኩሪ አተርና የወተት ዱቄት በአንድ ከረጢት ሊገኙ ይችላሉ። ጽሑፉን ሳታነቡ አትንኩ። ሶያ ሶስ አብዛኛውን ጊዜ ከስንዴ ጋር የተሠራ ስለሆነ በሁለት በኩል ይመታችኋል። የሾርባ ኩብ፣ ቋሊማ፣ ማርጋሪንና ቸኮሌትም ሦስቱንም ሊይዙ ይችላሉ።

ዘይቱ ብዙዎችን ያስጨንቃል። በደንብ የተጣራ የአኩሪ አተር ዘይት ፕሮቲኑ እጅግ ጥቂት ነው፤ አለመስማማት ብቻ ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይችለዋል። በፈተናው ሳምንታት ግን የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ተጠቀሙና ጥርጣሬውን ተገላገሉት።

ፈተናው እንደ ወተቱ ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ይቁም፣ ከዚያ አኩሪ አተር ያለበት ሽሮ በጥቂቱ ይቀመስ፣ ሦስት ቀን ይታይ። ወተትና አኩሪ አተርን በአንድ ሳምንት አትመልሱ። ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ፤ አኩሪ አተር ውስጥ ሆድ የሚነፉ የስኳር ዓይነቶች አሉ፣ እነሱ ግን ባቄላ፣ ሽምብራና አተር ውስጥም አሉ። ሁሉም ጥራጥሬ የሚነፋችሁ ከሆነ አኩሪ አተሩን ለብቻ መክሰስ ልክ አይደለም። ጥራጥሬውን አሳድራችሁ ዘፍዝፉ፣ ውሃውን ድፉ፣ በአዲስ ውሃ ቀቅሉ። መጠኑንም ቀንሱ። ምስር ክክ ከሙሉ ባቄላ ይቀላል።

በወተት ፋንታ ምን ይጠጣል?

ከውጭ የሚመጡት አማራጮች ውድ ናቸው፤ ጽሑፋቸው ካልተነበበም አኩሪ አተር ይዘው ይገባሉ። እኛ ግን ሱፍ አለን። አንድ ኩባያ ሱፍ ልቀሙ፣ ለስለስ ባለ እሳት ሽታው እስኪመጣ ብቻ አምሱት፤ ከጠቆረ ይመራል። ውቀጡት ወይም ፍጩት። ሦስት ኩባያ ለብ ያለ ውሃ ጨምራችሁ በጥብጡና በነጭ ጨርቅ አጥልሉ። ጨርቁን ስትጨምቁት የሚወርደው ነጭ፣ ወፈር ያለ፣ ወተት የሚመስል ነው። ለጥቂት ደቂቃ አፍሉት፣ ትንሽ ጨውና የጅማ ማር ጠብ አድርጉበት። በዕለቱ ይጠጣ። ፍትፍትም ይሆናል። ሰሊጥም በዚሁ መንገድ ይሠራል።

አደራ፣ ይህ ለሕፃን የወተት ምትክ አይደለም።

ለአዋቂም ቢሆን የሱፍ ውሃ የወተትን ካልሲየም አይተካም። አዋቂ ሰው በቀን 1000 ሚሊግራም ገደማ ያስፈልገዋል፤ አንድ ብርጭቆ ወተት ወደ 300 ይሰጥ ነበር። ይህን ከሌላ ቦታ መሰብሰብ አለባችሁ። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 180 ገደማ፣ ያው መጠን ዳጉሳ 340 ገደማ አለው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያልተላጠ ሰሊጥ 170 ገደማ ይጨምራል፤ ከዚህ ሁሉ ሰውነት የሚወስደው በከፊል ቢሆንም። ሐበሻ ጎመን በየቀኑ ቢበላ አይበዛም። የእንጀራ ሊጥ በደንብ መብላላቱም ይረዳል፤ ማዕድናቱን አስሮ የሚይዘውን ነገር ይቀንሰዋል። ሴሊያክ ያለበት ሰው አጥንቱ ሊሳሳ ስለሚችል የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ ኪኒን ጉዳይ ሐኪም ጠይቁ።

ሳህኑን መሙላት

ለቁርስ ቡላ ገንፎ ይሞከር። ቡላውን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት፤ በሙቅ ውሃ ከጀመራችሁት ይጓጉላል። ከዚያ እሳት ላይ ሳታቋርጡ እያማሰላችሁ ግልጽ እስኪሆን አብስሉት። በቅቤ ፋንታ በኮረሪማና በነጭ ሽንኩርት የተቁላላ የኑግ ዘይት አፍሱበት፣ ሚጥሚጣ ነስነስ አድርጉ። የቅቤው ጣዕም አብዛኛው ከቅመሙ እንደነበር ያኔ ይገባችኋል። የበቆሎ ገንፎ፣ ቆጮ፣ የተቀቀለ ጎደሬ፣ ቦዬ፣ ስኳር ድንች፣ እንቁላል፣ ሙዝ፣ አቮካዶ በማር፤ ይህ ሁሉ ከሦስቱም ነፃ ነው። ለምሳና ለራት ጤፍ እንጀራ በምስር፣ በጎመን፣ በዱባ ወጥ፣ ወይም በዘይት በተሠራ ሥጋ። ክብደት እየቀነሳችሁ ከሆነ ዘይቱን፣ አቮካዶውንና ኦቾሎኒውን ጨምሩ። ብዙ ሰው ቅቤና ወተት አውጥቶ ምትክ ቅባት ሳያስገባ ነው የሚከሳው።

ከቤት ውጭ

ጥብስ ስታዙ «በዘይት ብቻ፣ ቅቤ እንዳይነካው» በሉ፤ ብዙ ቦታ መጨረሻ ላይ ቅቤ ጣል ይደረግበታል። እንጀራችሁን በፌስታል ይዛችሁ መሄድ ነውር አይደለም። በረመዳን ለአፍጥር ስትጠሩ ቴምሩ የእናንተ ነው፤ ሾርባው ግን አብዛኛውን ጊዜ አጃ ወይም ስንዴ ይገባበታል፣ ሳምቡሳው ፉርኖ ነው። ቡና ላይ ፈንዲሻው ይበቃችኋል። ቆሎው ገብስ ካለበት የሽምብራ ቆሎ ከቤት ያዙ። ቡና ቀላ ከቀረበላችሁ በቅቤ የተጠበሰ መሆኑን አትርሱ።

ከባዱ ምግቡ ሳይሆን «በሞቴ» ነው። «አልወድም» ካላችሁ ባለቤቲቱ ትከፋለች፣ «ትንሽ ብቻ» ብላ ትለምናለች። «እማማ፣ ሐኪም ከልክሎኛል፤ ከቀመስኩ ሳምንት ሙሉ ያመኛል» ስትሉ ግን የሚያስገድድ የለም። ቀድማችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ብትነግሩ ደግሞ የበለጠ ነው። በአንድ ትሪ ስትበሉ በእናንተ በኩል የራሳችሁን እንጀራ አንጥፉ፣ ወጡም በተለየ ሳህን ይውጣላችሁ። ጉርሻ የሚያጎርሳችሁ ሰው ከእናንተ እንጀራ ቆርሶ፣ ዳቦ ያልነካ እጁን ታጥቦ ያጉርሳችሁ።

ክትትል

የደም ምርመራው ግሉተን ከወጣ ከ6 ወር ገደማ በኋላ ይደገም፣ ከዚያ በዓመቱ። ቁጥሩ እየወረደ ካልሆነ ግሉተን ከአንድ ቦታ እየገባ ነው፤ ወፍጮውን፣ እርሾውንና በርበሬውን መጀመሪያ ፈትሹ። ቁጥሩ ከወረደ ወተትን በዚያው ተራ፣ ከቅቤ ጀምራችሁ፣ እንደገና ሞክሩት። ደም ማነስም አብሮ ይታይ። ለሌላ በሽታ ኪኒን ስትወስዱ ፋርማሲስቱን መሙያው ላክቶስ ወይም የስንዴ ስታርች እንዳለበት ጠይቁት። በኪኒን ውስጥ ያለው ላክቶስ ለአብዛኛው ሰው ጥቂት ነው፤ የስንዴ ስታርች ከሆነ ግን ሐኪሙ እንዲቀይርላችሁ አድርጉ።

ሦስቱም ወጥተው፣ ምርመራውም ጥሩ ሆኖ ሆድ አሁንም ካስቸገረ ሌላ ምክንያት አለ ማለት ነው፤ በትንሹ አንጀት ውስጥ የበዛ ባክቴሪያ፣ የታይሮይድ ወይም የቆሽት ችግር ሊሆን ይችላል። ያኔ ሌላ ምግብ ከመቀነስ ይልቅ ደብተራችሁን፣ የምትጠቀሙበትን ዱቄትና ቅመም ማሸጊያ፣ የምትወስዱትንም ኪኒን ይዛችሁ ሐኪሙ ዘንድ ተመለሱ።